ኦቦ ገመዳ እና ሁለቱ ፊደሎች

ሰው ሲሞት ከቤተሰቡ ቀጥሎ የምሰማው እኔ ነኝ። የሰፈራችን እድር ጥሩምባ ነፊ ስለሆንኩ፣ በማለዳ በሬ ሲንኳኳ «ማን መጣ» ብዬ ሳይሆን «ማን ሞተ» ብዬ ነው የምከፍተው። ያን ቀን በሩ ላይ የቆመችው ሌንሳ ነበረች፣ የኦቦ ገመዳ ልጅ። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ስንቱን አይታ ስለለመደች አላለቀሰችም።

«አባባ ታደሰ፣ አባዬ አረፈ» አለችኝ።

«አስሙ ነው?»

«አስሙ ነው።»

ጥሩምባዬን ከሚስማሩ ላይ አውርጄ ሁልጊዜ ወደምጀምርበት ወደ ሁሉቃ ድልድይ ሄድኩ። አፌ ላይ ደገንኳት፤ ትንፋሽ እምቢ አለኝ። ለስንት ሰው ነፍቻለሁ፤ ለገዛ ወንድሜ እንኳ ነፍቻለሁ፤ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። እዚያው ቆሜ ሳለሁ ኦቦ ገመዳ ራሱ አንድ ቀን ይህችኑ ጥሩምባ ሲነፋ የወጣው ድምፅ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ከሳቁ ጋር ትንፋሹም መጣ። በኦሮምኛም በአማርኛም ሞቱን ለፈፍኩ።

በወዳጁ ሞት የሚስቅ ሰው ጤነኛ አይደለም የሚለኝ ካለ ታሪኩን ሰምቶ ይፍረድ።

ኦቦ ገመዳ የጌዶ ሰው ነው። አምቦ የመጣው በአስተማሪነት ነው። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ በጋም ክረምትም አንድ ኮት የሚለብስ። እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት። ያኔ እኔ ጋሪ ነጂ ነበርኩ። ለአስተማሪነቱ ብዬ አንቱ ስለው ዞር ዞር ብሎ ከኋላው ሰው ይፈልግና «ስንት ሆነን ታየንህ?» ይለኛል። ስለዚህ አንተ እንዳልኩት አረጀን። ሲሞትም አንቱ ብል እንደ መጣላት ስለሚቆጥርብኝ ትቼዋለሁ።

ፊደሉ ሲገባኝ፣ ማንም ሳይረዳኝ መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል በቀበሌው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ነበር። ጋሪዬን አቁሜ አንድ በአንድ ቆጠርኩት። አ፣ ድ፣ ኃ፣ ሪ። ማታ ክፍል እንደገባሁ ለአስተማሪዬ ነገርኩት።

«ጎበዝ» አለኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«ወደ ኋላ የሚጎትት ማለት ነው። ለውጥ የሚጠላ ሰው።»

«ማን ነው እሱ?»

ጠመኔውን ኪሱ ከተተና «እሱን ግድግዳው አይልም» አለኝ።

እኔ መቼም ጋሪ ነጂ ነኝ፤ ፈረስ እየሄደ ጋሪ ወደ ኋላ የሚጎትት ሰው በዓይኔ ታየኝ። አስቤ አስቤ «ኦቦ ገመዳ፣ ቁልቁለት ላይ እኮ ወደ ኋላ የሚይዝ ሰው ከሌለ ጋሪው ፈረሱን ይደፍቀዋል» አልኩት። እንባው እስኪወጣ ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠና በሩን ዘጋ፤ «ታዴ፣ ይህን ለእኔ ነግረሃል። ለሌላ ሰው እንዳትናገር» አለኝ።

ለምን እንዳለኝ ብዙ ሳልቆይ ገባኝ። ቃሉ ከግድግዳው ወርዶ ሰፈር ገባ። በአጥር የተጣላ ጎረቤቱን አድኃሪ ይላል። ላም ገባብኝ ብሎ የተካሰሰ፣ ባለ ላሙን አድኃሪ ይላል። ቄሱ አድኃሪ፣ ፓስተሩ አድኃሪ፣ ባለ ጠጅ ቤቷ አድኃሪ። አንድ ጊዜ የተባለ ሰው አይደለሁም ብሎ ማስረጃ የሚያመጣበት ቦታ የለም። አንድ እሑድ በስብሰባ ላይ ኦቦ ገመዳን አስነሱትና ከተማሪዎችህ መካከል አድኃሪዎቹን ጽፈህ አምጣ አሉት። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ጣቱን ብድግ አድርጎ «ሚቲ» አለ። በኦሮምኛ አይደለም ማለት ነው፤ አልፈልግም ሲልም፣ አይሆንም ሲልም ያው ሚቲ ነበር የሚለው። «እኔ የማውቀው ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ነው። ስም ስጠራ አቤት የሚለውን እጽፋለሁ፤ ከዚያ ያለፈውን አላውቅም» አላቸው። እሱኑ አድኃሪ ብለው ወደ እንጭኒ አዛወሩት። ያ ጊዜ እስኪያልፍ እዚያው አስተማረ።

ተመልሶ ሲመጣ የእድራችን ጸሐፊ አደረግነው። ከዚያ በኋላ እስኪሞት መዝገቡ ከእጁ አልወጣም። እኛ ጋ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አንድ እድር ነው፤ ቀባሪ ወደ ሟቹ እምነት መካነ መቃብር ይሄዳል፣ ከቀብር መልስ ድንኳን በር ላይ ስም ይጠራል። የሚጠራው ኦቦ ገመዳ ነው። እርሳሱ በሲባጎ መዝገቡ ላይ ታስራለች። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ አንዲት ፊደል ያስቀምጣል፤ ለመጣ «መ»፣ ለቀረ «ቀ»። በመዝገቡ የመጀመሪያው ስም የራሱ ስለሆነ «ገመዳ ኢጃራ» ብሎ ይጣራና ራሱ «አቤት» ብሎ ይጽፋል። ሐዘንተኛው ሳይቀር ፈገግ ይላል። አንድ ቀን ሰው አይስቅብህም ወይ ስለው «ራሴን ካልጠራሁ ሌላውን በምን አፌ እጠራለሁ?» አለኝ።

ሌላ አመልም ነበረው። አምቦ ውሃ ሲከፈትለት ወዲያው አይጠጣም። ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ አረፋው እስኪተኛ ያየዋል። በእድሩ ስብሰባ ሰው ቱግ ሲልም እንደዚሁ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ያየዋል። «ምን ታየኛለህ?» ሲሉት «ጋዙ ይውጣ ብዬ ነው» ይላል።

ኋላ ወጣቶቹ መንገድ የዘጉበት፣ አምቦ ሰላም ያጣችበት ጊዜ መጣ። ያን ጊዜ የቀበሌያችን ሹም ደቻሳ የሚባል ሰው ነበር። ጎረቤታችን ነው፣ የእድራችንም አባል ነው። አድኃሪ የሚለው ቃል አርጅቶ ነበርና የእሱ ጊዜ ቃል ፀረ ሰላም ነው። ሥራው ግን ያው ነው፤ ሲጠሩህ ትሄዳለህ፣ ከሄድክ መቼ እንደምትመለስ አይታወቅም። ደቻሳ አንድ ቀን የእድሩ ዕቃ ወደሚቀመጥበት ቆርቆሮ ቤት መጣ። እኔና ኦቦ ገመዳ የድንኳን ቀዳዳ እየሰፋን ነበር።

«ኦቦ ገመዳ፣ አካም» ብሎ ሰላምታ ሰጠና ተቀመጠ። «መዝገብህ ላይ የቤተሰቡ ሁሉ ስም አለ። ልጆቻቸው መንገድ ላይ የወጡትን፣ የፀረ ሰላሞቹን ቤት ምልክት አድርግልኝ። ሌላ አልጠይቅህም።»

ኦቦ ገመዳ መርፌውን ድንኳኑ ላይ ሰክቶ መዝገቡን ገልጦ አሳየው። «እየው ደቻሳ። መ አለ፣ ቀ አለ። ይህ መዝገብ ሦስተኛ ፊደል አልተማረም።»

«አንተም ከእነሱ ጋር ነህ ማለት ነው።»

«የአንተም ስም እኮ እዚሁ ነው ያለው። ከሁላችሁም ጋር ነኝ።»

ደቻሳ ዝርዝሩን ከሌላ ሰው አገኘ። ልጄን ግርማን ከዚያ ዝርዝር አንብበው ወሰዱት። ክረምቱን ሙሉ የት እንዳለ አላወቅንም። ኦቦ ገመዳ በዚያ ዝናብ ከእኔ ጋር ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ እየቆመ ነው አስሙ የጠናበት። ግርማ ተፈታ። አሁን ጌዶ ሚኒባስ ይነዳል፣ ልጆች አሉት፤ ደህና ነው። የጣቢያ በር ባየ ቁጥር ግን ፊቱን ያዞራል፣ አይቼዋለሁ።

ከዚያ ለውጥ መጣ። ለውጥ ሲመጣ ደቻሳ ከወንበሩ ወርዶ ቤቱ ተቀመጠ። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘው ይሻገራል። አዲስ ቃልም መጣ፤ ፀረ ለውጥ። እኔ ቃሉን ወደድኩት፣ አልዋሽም። ደቻሳን ባየሁ ቁጥር በልቤ እለዋለሁ፣ አንዳንዴም እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ። ኦቦ ገመዳ «ታዴ፣ ይህ ያ በቀይ ቀለም ያነበብከው ቃል ነው እኮ፤ ግድግዳው ብቻ ነው የተቀባው» አለኝ። «ይሁን፣ ዘንድሮ ለሚገባው ሰው ነው የተሰጠው» አልኩት። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ አየኝ።

ደቻሳ ታሞ ሞተ። ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ዘነበች ራሷ በሬ ላይ መጣች። ልጆች የሏቸውም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማ «ጋሽ ታደሰ፣ ነገ ጠዋት ንፉልኝ» አለችኝ።

«አልነፋም» አልኳት።

«ግርማን ብለው ነው?»

«ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ» አለች። አልለመነችኝም። መሬት መሬት እያየች ሄደች። ጥሩምባ ካልተነፋ ሰው አይወጣም፣ ሰው ካልወጣ ቃሬዛ የሚሸከም የለም። ሴትዮዋ ባሏን ብቻዋን ልትቀብር ነው። ይህን እያወቅኩ ነው በሩን የዘጋሁት።

በዚያው ቀን ሊመሽ ሲል የእድሩ ሰዎች ተሰበሰቡ። ቦንሳ የሚባል የጎረቤቴ ልጅ፣ የወጣቶቹ ተናጋሪ ነው፣ ተነስቶ «ደቻሳ ፀረ ለውጥ ነበር። ለእሱ ድንኳን ከወጣ ለታሰሩት ልጆች ስድብ ነው» አለ። ብዙ ሰው አጨበጨበ፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ኦቦ ገመዳ መነጽሩን አድርጎ መዝገቡን ወደ ኋላ ይገልጥ ጀመር። ገጽ በገጽ ሲገልጥ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጣቱን አንድ ቦታ አሳረፈ።

«ቦንሳ፣ እናትህ የሞተች ቀን ነው ይህ። ደቻሳ፣ መ። ዝናብ እንደነበረ ታስታውሳለህ፣ ከቃሬዛው ፊት ከያዙት አንዱ እሱ ነው።» እርሳሱን ዘረጋለት። «በእጅህ ሰርዘውና ድንኳኑን አላወጣም።»

ቦንሳ እርሳሱን አልተቀበለም። ግን ልጅ ነው፣ በሰው ፊት መሸነፍ ከበደው። «እንግዲያው አንተም ፀረ ለውጥ ነህ» አለው።

«መጀመሪያ አድኃሪ ነበርኩ። ቀጥሎ ፀረ ሰላም። ሳልሞት ሦስተኛ ማዕረግ ሰጣችሁኝ፣ ገለቶማ» አለ። አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። ሰው ሳቀ። ድንኳኑ እንዲወጣ ተወሰነ። ውሳኔው ግን የድንኳን ነው፤ የሰውን እግር ማን ይወስናል? ሁሉም ነገ ማን እንደሚሄድ ጎረቤቱን እያየ ተበተነ።

ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ኦቦ ገመዳ ነው፣ ደረቱ እያፏጨ።

«አልነፋም» አልኩት ገና ሳይቀመጥ።

«ንፋ አላልኩህም። ጥሩምባዋን ስጠኝ።»

«አንተ? ከዚህ እስከ ድልድዩ ሦስት ጊዜ የምታርፍ ሰውዬ?»

«እያረፍኩ እነፋለሁ።»

«ገመዳ፣ ልጄን የወሰደ ሰው ነው።»

«እኔም አልወደውም» አለኝ። «ታዴ፣ የሚወዱትን ለመቅበርማ እድር ምን ያደርጋል? ወዳጅ ይበቃል።»

እልኸኛ ነኝ፤ ጥሩምባዋን ከሚስማሩ አውርጄ እጁ ላይ አስቀመጥኩና ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ከድልድዩ በኩል ድምፁ መጣ። የታነቀ ጥጃ ነው የሚመስለው። ይጀምርና ይቋረጣል፣ ሳል ይሰማል፣ እንደገና ይጀምራል። ለፈፋውማ ከሳሉ ጋር ተቀላቅሎ ማን እንደሞተ እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው።

ከዚያ እግር ሰማሁ። የብዙ ሰው እግር። ለቅሶም ሰማሁ። «ወይኔ ጋሽ ታደሰ» የምትል ሴት ድምፅ በአጥሬ በኩል መጣ። ጋቢዬን እንደተከናነብኩ በሩን ብከፍት ግቢዬ ሙሉ ሰው ነው። ሴቶቹ ነጠላ አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ኮት ደርበዋል፣ ቦንሳ ከፊት ቆሞ ዓይኑ ቀልቷል። ስታለቅስ የነበረችው ሴት እኔን ስታይ አማተበች።

«አልሞትክም እንዴ?» አለኝ አንዱ።

«አልሞትኩም። ምን ሆናችሁ?»

«ታዲያ ጥሩምባው? አንተ እያለህ እንዲህ ይነፋል? ለደቻሳ አልነፋም ማለትህን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ አንተ ብትሞት ነው እንጂ ሌላ ሰው የነፋው ብለን መጣን።»

«ገመዳ ነው የሚነፋው።»

«ማን ሞቶ?»

ሁሉም አዩኝ። ዝም ማለት እችል ነበር፤ ወደ ቤቴ ገብቼ በሩን መዝጋትም እችል ነበር። ግን ይህን ሁሉ ዓመት ማን ሞተ ተብዬ ተጠይቄ ሳልመልስ ቀርቼ አላውቅም። አፌ ለምዶ ኖሮ እኔን ሳያማክር ተናገረ።

«ደቻሳ» አልኩ። «ቀብሩ በስድስት ሰዓት ነው።»

የተነገረ ነገር ወደ አፍ አይመለስም። ሰዎቹም ተነስተዋል፣ ለለቅሶ ለብሰዋል፣ ከቤታቸው ወጥተዋል። ለለቅሶ ለብሶ ከወጣ ሰው ማን ሬሳ ትቶ ይመለሳል? አንድ ሽማግሌ «በሉ እንሂድ» አለ፣ ተከተሉት። ቦንሳ ብቻ ትንሽ ቆመ። «ጋሽ ታደሰ፣ እንኳን አልሞቱ» አለኝና እሱም ሄደ። በኋላ እንደሰማሁት ቃሬዛውን ከፊት ይዟል።

እኔ አልሄድኩም። ከቀብር መልስ ግን እግሬ አላስቀምጥ ብሎኝ ወጣሁና ከዘነበች ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ጎሚስታው በር ላይ ቆምኩ። ድንኳኑ ሞልቷል። ዘነበች በሴቶች መካከል ተቀምጣለች፣ ከግራም ከቀኝም ይዘዋታል። ኦቦ ገመዳ በር ላይ ቆሞ ስም ይጠራል። በዚያ ድምፁ እየጠራ እየጠራ እኔ ጋ ደረሰ።

«ታደሰ ወልዴ።»

ጋቢዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

«ታደሰ ወልዴ።»

ቀና ብሎ መንገዱን ተሻግሮ አየኝ። እኔም አየሁት። ደንቡ ሦስት ጊዜ ነው፤ ሦስተኛውን ጠራኝ። አቤት የምትለውን ቃል አላወጣኋትም። አጎንብሶ አንድ ነገር ጻፈና ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

በማግስቱ ቤቴ መጣ። አምቦ ውሃ ከፍቶ መካከላችን አቆመው። አረፋው እስኪተኛ ሁለታችንም አየነው። ስለ ቀብሩ አንድም ቃል አላነሳም። እኔም ምን ብለህ ጻፍክ ብዬ አልጠየቅኩትም። እስኪሞት ድረስ አልጠየቅኩትም። ልቤ ግን ሁልጊዜ እዚያ ገጽ ላይ ነበር። አንዳንድ ቀን ለወዳጅነታችን ብሎ «መ» አድርጎልኛል እላለሁ፤ ሌላ ቀን ደግሞ ከስሜ ጎን ቂመኛ ብሎ የጻፈ ይመስለኛል። ብሎ ቢጽፍም አልፈርድበትም።

እንግዲህ ባለፈው እሱን ልንቀብር ስንሰናዳ መዝገቡን የያዘችው ሌንሳ ነበረች። አባቷ እያለ ታግዘው ስለነበር እድሩ እሷን ጸሐፊ አድርጓታል። ድንኳኑ ሲተከል ጠጋ ብዬ «የደቻሳን ቀብር ገጽ አሳይኝ» አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ገለጠችልኝ። መነጽሬን አድርጌ፣ እሱ ባስተማረኝ ፊደል፣ ጣቴን እያስኬድኩ ስሜ ጋ ደረስኩ።

«ቀ» ይላል።

ከጎኑ ሌላ ነገር የለም። አልማረኝም፣ አልሰደበኝምም። ያን ቀን የሆንኩትን ጻፈ፤ ቀርቼ ነበር፣ ቀርቷል አለ። ደቻሳን ስጠራበት የኖርኩትን ቃል ያህል አንድ ቃል ከስሜ ጎን ለመጻፍ ቦታ ነበረው፣ እርሳሷም እጁ ላይ ነበረች። መዝገቡን መልሼ ሰጠኋት።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። ዘነበች መጥታለች። ቦንሳ መጥቷል፣ ግርማም ከጌዶ መጥቷል። ሌንሳ በር ላይ ቆማ መዝገቡን ገለጠች። ልማድ ሆኖባት ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች።

«ገመዳ ኢጃራ» አለች።

ያን ጊዜ ነው ምን እንዳለች የገባት። እርሳሷ በሲባጎዋ ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች። ልጅቷ ጠዋት ያላለቀሰችውን አሁን ልታለቅስ ነው። ስሙን ሁለተኛ ጊዜ መጥራትም፣ ማለፍም አቃታት።

ከፊት ወንበር ተነሳሁ። ጥሩምባዬ ብብቴ ውስጥ ነበረች።

«መጥቷል በዪ» አልኳት። «አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። መ ብለሽ ጻፊና ቀጥዪ።»

ጻፈች። ከዚያ ወደ ታች እየወረደች እኔ ጋ ስትደርስ፣ ገና አንድ ጊዜ ጠርታኝ «አቤት» አልኩ፤ ከመንገዱ ማዶ ጎሚስታው ድረስ እስኪሰማ።